ከፍል ውሃ እስከ አቃቂ

እንጦጦ ለጦር እንጂ ለኑሮ የሚመች ቦታ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ወደዚህ ተራራ ሲወጡ የፈለጉት ከሩቅ የሚመጣን ጠላት ማየት ነበር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው አናቱ ላይ ሆኖ ደግሞ የማይታይ ነገር የለም። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ ማገዶው ከዓመት ዓመት ይርቃል። ውሃውም እንዲሁ። እንጦጦ ዝናብ አጥቶ አያውቅም፤ ዝናቡ ግን አናቱ ላይ አይቆይም። ገሚሱ በጎርፍ ይወርዳል፣ ገሚሱ በተሰነጣጠቀው ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ከሥር ከግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ቤተ መንግሥቱ ያለው አናቱ ላይ፣ ምንጩ ያለው ግርጌው ላይ ነው። እንስራ ያዘሉ ሴቶች በየቀኑ ቁልቁል ወርደው ሽቅብ ይመለሱ ነበር።

ከተራራው በስተደቡብ፣ ፊንፊኔ በሚባለው ሜዳ ላይ፣ ሌላ ዓይነት ውሃ ነበር። ከመሬት ስንጥቅ እየፈላ የሚወጣ፣ ጠዋት ጠዋት እንፋሎቱ ከሩቅ የሚታይ። በአካባቢው የሚኖሩት የቱለማ ኦሮሞዎች ቦታውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ማዕድን ያለበትን ሆራ ከብቶቻቸውን ያጠጡበታል፣ በውሃው ዳር ለዋቃ ምስጋና ያቀርቡበታል። ከእንጦጦ የሚወርዱት የቤተ መንግሥት ሰዎች ደግሞ ቁርጥማታቸውን ሊታጠቡ ይመጡ ነበር። በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ከሁሉም በላይ ወደዱት። በ1879 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ጊዜ፣ ከፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱ ተከትለው ወረዱ፤ የአካባቢው ባላገሮችም ከይዞታቸው እየተገፉ ከተማው ሰፋ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ኑሮው ወደ ታች ማዘንበል ጀምሯል።

ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ሲጻፍ የእቴጌይቱ ምርጫ ብዙ ይነገርለታል፤ የመረጡት ነገር ምን እንደሆነ ግን እምብዛም አይነገርም። የመረጡት የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ከሥሯ ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ በተለያየ ዘመን የተፋው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ነው፤ በዙሪያዋ የቆሙት ወጨጫ፣ ፉሪና የረርም የቀድሞ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ሸለቆው ሲሰነጠቅ ይህ ድርብርብ ድንጋይ አብሮ ተሰነጠቀ። አንዱ ትልቅ ስንጥቅ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ በመሀል ከተማው ያልፋል። የጂኦሎጂ ሰዎች የፍል ውሃ ስንጥቅ ይሉታል። በከፍታው የገባ ዝናብ በጥልቁ ወርዶ፣ ከሥር ባለው ሙቀት ግሎ፣ በዚህ ስንጥቅ ተመልሶ ይወጣል። ጣይቱ የታጠቡበት ውሃ በዚያ ዓመት ክረምት የዘነበ አልነበረም፤ እሳቸው ከመወለዳቸው ብዙ ቀደም ብሎ የወረደ ነው።

ፍል ውሃ ግን አይጠጣም። ማዕድኑ ይበዛል፤ በተለይ ፍሎራይዱ ጥርስን የሚያበላሽ ነው። ስለዚህ አዲሲቱ ከተማ ገና ከጅምሯ ሁለት ውሃ አስፈለጋት፤ የመታጠቢያውን ከሥሯ አገኘች፣ የመጠጡን ፍለጋ ወደ ተራራው ተመለሰች። ይህን ነገር የፈቱት በምኒልክ ቤት ባለሟል የነበሩት ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። በ1880ዎቹ አጋማሽ ከእንጦጦ ግርጌ ምንጮች ውሃ በቧንቧ ጠልፈው በአዲሲቱ ከተማ እስከተሠራው ቤተ መንግሥት ድረስ አደረሱት። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፤ ምንጩ ከዚያ ከፍ ስለሚል ውሃው ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ በራሱ ግፊት እንደገና ኮረብታውን ይወጣል። ለዘመኑ ሰው ይህ ተአምር ነበር። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ማን አይቶ! ግጥም ተገጠመለት፣ ወሬው በየአውራጃው ተዳረሰ። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ አድናቆት የፈሰሰው ለቧንቧው ነው። ያለ አንድ ማገዶ፣ ያለ አንድ ሞተር፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይነጥፍ ወደ ቧንቧው የሚገባውን ምንጭ ያመሰገነ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ቧንቧው ለቤተ መንግሥትና ለጥቂቶች ነበር። ቀሪው ሕዝብ ወንዝ ይቀዳል፣ ምንጭ ይጠብቃል፣ የቻለ ደግሞ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ያስቆፍራል። በእጅ የሚቆፈረው ጉድጓድ ለአዲስ አበባ ያደረገላትን የትኛውም ግድብ ለረጅም ጊዜ አላደረገላትም። አሠራሩን ያየ ሰው አይረሳውም። ቆፋሪው አንድ ሰው ተንቀሳቅሶ ድጅኖ የሚያነሳበት ያህል ብቻ ክብ አድርጎ ይጀምራል። እየጠለቀ ሲሄድ ግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ እግር ማሳረፊያ ይቦረቡራል፤ መውጫ መግቢያው እሱ ነው። ላይ የቀረው ረዳት አፈሩን በባልዲ በገመድ ይስባል፣ መሣሪያም ምሳም በዚያው ገመድ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀይ አፈር ይመጣል፣ ቀጥሎ የበሰበሰ ድንጋይ፣ ከዚያ ባልዲው ከብዶ ጭቃ ይዞ ሲወጣ ረዳቱ ሳይነገረው ያውቃል። ቆፋሪው ግን ወዲያው አይወጣም። ውሃው ጉልበቱን እስኪያልፍ ድረስ ይቆፍራል፤ በበጋ ላለመድረቅ ውሃው ከተገኘበት በታች ብዙ መውረድ አለበትና። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጉድጓድ የሚያስቆፍሩት በሚያዝያና በግንቦት ነበር፤ ያን ጊዜ የተገኘ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል። በነሐሴ ያስቆፈረ በጥር ባዶ ባልዲ ይስባል።

ጉድጓዱ አንድ ጠንቅ ነበረው። ከተማው ያለ ፍሳሽ መስመር ሲያድግ ሽንት ቤቱም ጉድጓድ ሆነ። ሁለቱ ጉድጓዶች በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴ ጥቂት እርምጃ ብቻ ተራርቀው፣ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ይገናኛሉ። ይህ ነገር ወደ ኋላ እንደገና ይመጣል።

ያን ጊዜ ሰውን ያሳሰበው ግን ሽንት ቤቱ ሳይሆን ዛፉ ነበር። የማገዶ እጦት ከተማዋን ሊያስነቅላት ተቃርቦ፣ ምኒልክ አዲስ ዓለም ወደተባለ ሌላ ቦታ ለመዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላት። በፍጥነት አደገ፣ ቤት ሆነ፣ አጥር ሆነ፣ ምጣድ ማሟቂያ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ምንጮች ሲመነምኑ፣ ጉድጓዶች ሲርቁ ሰው ጣቱን ወደ ዛፉ ቀሰረ። በ1905 ዓ.ም. ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ፤ በማገዶ የሚኖር ከተማ ማገዶውን አይነቅልም። ለእኔ ግን ይህ የከሸፈ ትእዛዝ ትልቅ ነገር ነው፤ የዚህች ከተማ ሹማምንት በመሬት ላይ የሚበቅለውንና በመሬት ውስጥ ያለውን ውሃ አያይዘው ያሰቡበት የመጀመሪያው ጊዜ ይመስለኛል። ለሁለተኛው ጊዜ ብዙ መጠበቅ ነበረብን።

ከዚያ የግድቦች ዘመን መጣ። በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራና ከነፃነት በኋላ ባሉት ዓመታት ከከተማው በስተምዕራብ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ የቧንቧ ውሃም ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ግቢ አልፎ በየሰፈሩ ቦኖ ላይ ደረሰ። ቦኖ ጋ የቆመ ሰልፍ፣ እዚያው የሚፈጠር ጠብ፣ እዚያው የሚሰማ ወሬ ለብዙ የአዲስ አበባ ልጅ ትዝታ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በስተምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ ተጨመረ። የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመውም በ1963 ዓ.ም. በዚሁ ወቅት ነው።

ግድብ የመንግሥት ልብ የሚማርክበት ምክንያት አለ። ይታያል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥበታል። ለአዲስ አበባ ደግሞ ሌላም ጥቅም ነበረው። ለገዳዲ ከአብዛኛው የከተማዋ ክፍል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ችግሩ ክረምት ሲመጣ ከእርሻው ታጥቦ የሚገባው ጭቃ ነው፤ ማጣሪያው ሌት ተቀን ቢሠራም ውሃው የሚደፈርስበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሁለተኛው ችግር ቁጥር ነው። በ1976ቱ ቆጠራ ከተማዋ 1.4 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ1987ቱ 2.1 ሚሊዮን። ግድቡ ባለበት ቆሞ ከተማው ሮጠ።

በዚህ ሁሉ መሀል የመነሻው ውሃ ወደ መዝናኛነት ዞሮ ነበር። ፍል ውሃ ቅዳሜና እሑድ ሰው ፎጣውን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅበት መታጠቢያ ሆነ። በ1962 ዓ.ም. የተከፈተው ሂልተን ሆቴል የመዋኛ ገንዳውን በዚሁ የተፈጥሮ ፍል ውሃ ሞላ። ከተማዋን የመሠረተው ውሃ እንግዳ የሚዋኝበት ሆነ ማለት ነው። ስለ መጠጥ ውሃ ሲመከር ግን ከእግር በታች የሚያይ ጥቂት ነበር።

ከጥቂቶቹ አንዱ የጂኦሎጂ ባለሙያው ተስፋዬ ቸርነት ናቸው። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ውስጥ ሆነው በመጀመሪያ የስምጥ ሸለቆውን ሐይቆች አካባቢ፣ ቀጥሎ የመላ አገሪቱን የከርሰ ምድር ውሃ ካርታ በማዘጋጀት ስማቸው ይነሳል። በአንድ ወረቀት ላይ የትኛው ድንጋይ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደማይይዝ በቀለም ተለይቶ ታየ። እንዲህ ያለ ካርታ ሪባን አይቆረጥበትም። ዛሬ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን (ሪግ) የሚያቆም ሁሉ ግን በዚያ ዘመን ሰዎች ድካም ላይ የቆመ ነው።

ከተማዋ ተመልሳ ወደ መሬት ያየችው ስትቸገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ለገዳዲን እንዲደጉም የድሬ ግድብ ሲሠራ፣ ጎን ለጎን ከከተማዋ በስተደቡብ አቃቂ ላይ የጉድጓድ መስክ ተከፈተ። አቃቂ ለምን? መልሱን ማንኛውም የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ያውቀዋል፤ ሬድ አሽ የሚጫነው ከዚያ አካባቢ ነው። በቀዳዳ የተሞላው ይህ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለመንገድ መደልደያና ለብሎኬት ይፈለጋል። በእጅ ሲነሳ ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ብዙ ነውና። በጥልቅ ሲገኝ ደግሞ ቀዳዳው ሁሉ ውሃ ነው። በእንጦጦ የገባው ዝናብ ከተማዋን በሥሯ አቋርጦ ወደ ደቡብ ሲወርድ እዚህ ይጠራቀማል። አንድ ጥሩ የአቃቂ ጉድጓድ በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠር ሊትር ይሰጣል፤ በደጋው ድንጋይ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት ሊትር ከሰጠ ደስ ይላል።

የማሽን ቁፋሮ ከእጁ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። የሪጉ ድምፅ ሰፈር ያናውጣል። የመቆፈሪያው ጫፍ (ቢቱ) በወረደ ቁጥር የተፈጨው ድንጋይ በአየር ወይም በጭቃ ግፊት ወደ ላይ ይተፋል፤ ጂኦሎጂስቱ በየሁለት ሜትሩ አንድ እፍኝ እያነሳ መሬት ላይ በተርታ ይደረድራል። ጥቁር፣ ግራጫ፣ እንደገና ጥቁር፣ ከዚያ ቀይ። ቀዩ ሲመጣ ሁሉም ሰው ይጠጋል። ውሃው ሲመታ አረፋው ከጉድጓዱ አፍ ወደ ሰማይ ይፈናጠራል፣ ቆፋሪዎቹ ይበሰብሳሉ፣ ልጆች ይጮኻሉ። እውነተኛው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቧንቧው ይወርዳል፣ ዙሪያው በጠጠር ይሞላል፣ ከዚያ ፓምፑ ለቀናት ሳያቋርጥ እየሳበ ውሃው ስንት ሜትር እንደሚወርድና ሲቆም በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ይለካል። የጉድጓድ ዕድሜ የሚታወቀው ከፍንጣቂው ሳይሆን ከዚህ አሰልቺ የቁጥር ዝርዝር ነው፤ ፎቶ የሚነሳው ግን ፍንጣቂው ነው።

አቃቂ ግን በከተማዋ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ናት። ሰው ያለው ደግሞ ወደ ላይ ነው፤ በአቃቂና በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኢልግ በነፃ ያወረዱት ውሃ አሁን በኤሌክትሪክ፣ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተገፋ ይወጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። ፈረቃው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተነስቶ ቧንቧ መጠበቁ፣ በየጣሪያው የተሰቀለው ሮቶ፣ በየበሩ የተደረደረው ጀሪካን፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚጠራው ቦቴ፣ የእነዚህ ሁሉ አንዱ ምክንያት ይህ ሽቅብ ጉዞ ነው። ውሃ የለም ሲባል ብዙ ጊዜ ውሃው አለ፤ የሌለው የሚያወጣው ጉልበት ነው።

ሌላው ችግር ከጉድጓዶቹ በላይ ያለው ከተማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ታምሩ ዓለማየሁን ጨምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት ያለውን ተጋላጭነት አጥንተው ካርታ አወጡ። በመሀል ከተማ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት በዝቶ ተገኘ፤ ያ ናይትሬት በአብዛኛው ከሽንት ቤት የሚመጣ ነው። ሁለቱ የግቢ ጉድጓዶች በድንጋዩ ውስጥ ተገናኝተው ነበርና። የቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎች ኢንዱስትሪዎች ፍሳሻቸውን የሚለቁባቸው ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞችም ወደዚያው ወደ ደቡብ ነው የሚፈሱት። ከተማዋ ከላይ የምትጥለውና ከታች የምትጠጣው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ከዚህ የባሰ የከተማ ፕላን ሆን ብሎ የሚያወጣ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን የእንጦጦ ምንጮች ሌላ ዓይነት ሰው ሰበሰቡ። የኤችአይቪ መድኃኒት እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረትና በማርያም ጸበል ዙሪያ ጎጆ ተከራይተው ሰፈሩ። ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ፣ ራቁት ገላ ላይ የሚወርደው ጸበል ኢልግ ከጠለፉት ምንጭ ጋር የአንድ ተራራ ውሃ ነው። መድኃኒቱ ሲመጣ ብዙዎች ጸበሉን ትቶ መድኃኒት መውሰድን እንደ ክህደት ቆጠሩት፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ በአደባባይ ሲናገሩ የስንቱ ሕይወት እንደተረፈ እግዚአብሔር ይወቅ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃ በሚወራበት ቦታ ይህ አይነሳም፤ ለእነዚያ ሰዎች ግን ምንጭ ማለት በሊትር የሚለካ ነገር አልነበረም።

በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን የተባለው ከተማ ማደጉን አላቆመም። አቃቂ ላይ ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ተጨመረ፤ ብዙ በተሳበ ቁጥርም የውሃው ወለል ወደ ታች ራቀ። ሪጎቹ ወደ ለገዳዲም ዞሩ፣ ያውም ከግድቡ አጠገብ። እዚያ የተቆፈሩት ጉድጓዶች በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት አላቸው፤ የድሮው ቆፋሪ ድጅኖ በዚህ ልክ ቀልድ ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሚጠጣው ከግማሽ የሚበልጠው ከግድብ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ነው። ከተማዋ በጉድጓድ የምትኖር ከተማ ሆናለች፤ ነዋሪውን ብትጠይቁት ግን ውሃው ከለገዳዲ ግድብ እንደሚመጣ ይነግራችኋል።

ይህ ጥልቅ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው የሚለው ጥያቄ አንድ አስገራሚ መልስ አምጥቷል። እንጦጦ የውሃ መለያ ነው፤ በሰሜኑ ጀርባ በሱሉልታ በኩል የዘነበው ወደ አባይ፣ በደቡቡ የዘነበው በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመሬት ላይ ይህ እውነት ነው። እንደ ሰይፉ ከበደ፣ ጥላሁን አዛገኝና አስፋወሰን አስራት ያሉ ተመራማሪዎች የድንጋዩን አወቃቀርና የውሃውን ኬሚካል አመላካቾች አያይዘው ያጠኑት ግን፣ በጥልቁ ከአባይ ተፋሰስ ወደ አዋሽ የሚሻገር ውሃ እንዳለ ያሳያል። ስለ አባይ በመሪዎች ደረጃ ድርድር በሚካሄድባቸው ዓመታት፣ ከአባይ ተፋሰስ ውሃ ከፊሉ ድንበር ሳይጠይቅ በተራራ ሥር ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሞዎች በውሃ ዳር ምስጋና የሚያቀርቡበት ኢሬቻ ከመቶ ዓመት በላይ ተቋርጦ በአዲስ አበባ ተከበረ፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በሆራ ፊንፊኔ አመሰገነ። በዙሪያው የነበረው ክርክር ብዙ ነው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ባለቤትነቱ። ስለ ራሱ ስለ ውሃው ግን የተባለው ጥቂት ነው።

ባለቤትነትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 197 የገጸ ምድርም ሆነ የከርሰ ምድር ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል፤ በእጅ ከሚቆፈር በቀር ለጉድጓድ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ሆቴሉ፣ ፋብሪካው፣ የታሸገ ውሃ አምራቹ፣ ሪል ስቴቱ ሁሉ የሚስበው ከአንድ ማጠራቀሚያ ነው፤ ጎረቤቱ ዝቅ ብሎ ሲቆፍር የሌላው ጉድጓድ ይደርቃል። ገርቢና ሲቢሉ የተባሉት ግድቦች ለዓመታት ሲጠኑና ሲዘገዩ፣ በየክፍለ ከተማው አዳዲስ ሪጎች እየቆሙ ነው። ቆጣሪ በአብዛኛው የሚገጠምለት ከቧንቧው ጫፍ ያለው የተራው ሰው ቤት ነው፤ ፓምፑ አፍ ላይ ቆጣሪ ተገጥሞ በየወሩ ይነበብ ቢባል ሥራው ከአንድ ግድብ ምረቃ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።